የአባቴ ሞተር ሳይክልና የጠፋችው ቀለበት

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው፤ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ። በዚያች አጭር መንገድ ግን ሰው አየር ይለውጣል። አዋሽ መልካሳ ላይ ወንዙን ሲሻገሩ ሙቀቱ ገና አልለቀቀም፤ ዴራ ላይ ሸሚዝ ከጀርባ ጋር እንደተጣበቀ ነው። ከዚያ ዳገቱ ይመጣል። ኢተያን አልፈን ወደ ቁሉምሳ ስንቃረብ፣ ማንም ማንንም ሳይጠይቅ የሚኒባሱ መስኮቶች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ጋቢ የያዘ ጋቢውን ይደርባል፤ እንደ እኔ አዲስ አበቤ ነኝ ብሎ በሸሚዝ የመጣ እጁን ብብቱ ውስጥ ይከታል። በስተግራ ጭላሎ ጉም ተከናንቦ ተቀምጧል። በስተቀኝ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆው ቁልቁል ይወርድና፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ከሆነ፣ የዝዋይ ሐይቅ ከሩቅ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራል።

የሄድኩት በጥቅምት ነበር። አርሲን ማየት ለሚፈልግ ሰው ጥቅምትን እመክራለሁ። ዝናቡ ቆሟል፤ ስንዴው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ እየዞረ ነው፤ እህሉ ገና አልታጨደምና አገሩ ሁሉ የሞላ ጎተራ ይመስላል።

አሰላ ተወልጄ ያደግኩባት ከተማ ናት። አሰላ ሲባል ሰው ኃይሌ ገብረሥላሴን ያስታውሳል፤ ትንሽ ወደ ደቡብ ወርዶ በቆጂ ሲባል ደግሞ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ይጠራሉ። እኛ ቤት የሚሮጠው ግን ሌላ ነበር፤ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል። ለ16 ዓመት መሮጥ አቁማ፣ ከቤታችን ኋላ ባለው ዳስ ውስጥ ማዳበሪያ ከረጢት ለብሳ ቆማለች።

አባቴ ስልክ የደወሉልኝ በእሷ ምክንያት ነው።

«ቁራሌው 3 ጊዜ ተመላለሰ» አሉኝ። «በኪሎ ሊገዛት ነው። እናትህም ለዶሮዎቿ ቦታው ያስፈልገኛል ብላለች። ላሳውቅህ ብዬ ነው።»

አባቴ «ላሳውቅህ ብዬ ነው» ካሉ ማማከራቸው ነው። በግልጽ ምክር ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

«አይሽጧት አባባ» አልኳቸው። «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እናሠራታለን።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እጄ ላብ ላብ አለው። ምክንያቱን እደርስበታለሁ።

በመጀመሪያ ሞተር ሳይክሏን ለማያውቃት ላስተዋውቅ። «ኤጂ» የሚለው ስም እርሻ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የተወሰደ ነው። ለገበሬና ለገጠር ሠራተኛ ታስባ የተሠራች ናት። ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አላት። ዘንበል ባለ መሬት ላይ በፈለጉት ወገን እንድትቆም በግራም በቀኝም መቆሚያ ተደርጎላታል። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይነካው ተሸፍኗል። ፍጥነት የላትም፤ ውበትም የላትም። አባቴ ግን «በቅሎ ናት፤ በቅሎን ማን በመልኳ ይመርጣል?» ይሉ ነበር።

አባቴ ሥራ የጀመሩት በወጣትነታቸው በካዱ ነው። ካዱ ማለት በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት በ1960 ዓ.ም. ገደማ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ነው። ምርጥ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ብድርና የተዳቀሉ የወተት ላሞች በየቀበሌው የሚያደርሱ የልማት ሠራተኞች ነበሩት፤ አባቴ ከእነሱ አንዱ። ከስዊድኖቹ የቀራቸው አንድ ቃል ነው። እስከ ዛሬ ሻይ ሲቀርብላቸው «ታክ» ይላሉ፤ ምስጋና ነው። በኋላ የድርጅቱ ስምም አወቃቀርም ተለዋወጠ፤ አባቴ ግን ከግብርና አልወጡም። በ1993 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲሸጥ ኤጂዋን ገዝተው ግቢያችን አስገቧት። የዚያን ቀን እናቴ ቄጠማ ጎዘጎዘች።

አሁን እጄን ላብ ላብ ወዳስባለው ነገር ልግባ።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቴ ሒሳብ አያያዝ ነው፤ እጄ ግን ካቻቢቴ ይወድ ነበር። ኤጂዋ ጉልበት እያነሳት ዳገት ላይ ማቃሰት ጀመረች። አባቴ አዲስ ፒስተን ከነፋሻው ገዙ። የከተማው መካኒኮች ሥራ በዝቶባቸው ለሳምንት ሲቀጥሩን «እኔ እገጥማታለሁ» አልኩ። ከፍቼ አይቻለሁ፤ ምን ያቅተኛል? አባቴም አመኑኝ።

ነገሩ የሚገባው የሞተሩን ሆድ ለሚያውቅ ብቻ እንዳይሆን፣ በቤታችን ዕቃ ላስረዳ። ሲሊንደሩ ሙቀጫ ነው፤ ፒስተኑ ዘነዘና። ዘነዘናውን ከታች ሆኖ የሚገፋና የሚስብ ክንድ አለ፤ ቢየላ ይባላል። ፒስተኑንና ቢየላውን የሚያገናኛቸው እንደ ጣት ያለ የብረት ዘንግ ነው፤ ስፒኖቶ። ይህ ዘንግ በፒስተኑ ወገብ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። በሁለቱ ጫፎቹ ወደ ጎን ሾልኮ እንዳይወጣ የሚያግዱት ደግሞ ሁለት የሽቦ ቀለበቶች ናቸው። ቀጫጭን ናቸው። ከሰው ጣት የማይሰፋ፣ አፉ ትንሽ ክፍት የሆነ፣ በፒስተኑ ቀዳዳ ውስጥ በተቆረጠ ቦይ ጥርቅም ብሎ የሚቀመጥ ሽቦ። ሞተሩ በደቂቃ 6 ሺህ ጊዜ ሲዞር ያ ዘነዘና በሰከንድ 100 ጊዜ ይወጣል፣ ይወርዳል። ስፒኖቶውን በቦታው የሚያቆዩት እነዚያ ሁለት ሽቦዎች ናቸው።

የመጀመሪያዋን ቀለበት ያለ ችግር አስገባሁ። ሁለተኛዋን በካቻቢቴ ጫፍ ስገፋት «ጢን» ብላ ከእጄ ተፈተለከች። የት እንደገባች አላየሁም። የነሐሴ ሣር ነው፤ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። በጉልበቴ እየዳህኩ እስኪጨልም ፈለግኩ።

«ምን ጠፋብህ?» አለችኝ እናቴ ከማጀት በር ላይ ሆና።

«ምንም።»

አባቴ በማግስቱ ማለዳ ለሥራ በቆጂ ይሄዳሉ። ቀለበቷን የሚሸጥ ሱቅ አሰላ ውስጥ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ከፒስተኑ ጋር ተቆጥራ የመጣች ናት። ስለዚህ ከአሮጌው ፒስተን የነቀልኳትን ቀለበት ከቆሻሻው መካከል አነሳሁ። ስነቅላት ተጣምማ ነበር፤ በፒንሳ አቃናኋት። ከተትኳት። ገባች። ሲሊንደሩን አለበስኩ፤ ቴስታታውን አሰርኩ፤ ሁሉም ነገር ተሸፈነ። ሞተሩ በሁለተኛው ርግጫ ሲነሳ አባቴ ትከሻዬን መታ አድርገው «ታክ» አሉኝ።

ለሦስት ሳምንት ያህል በደንብ ሠራች። እኔም ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። መስከረም ላይ ስልክ ተደወለልኝ። አባቴ ከሳጉሬ አለፍ ብለው ሲሄዱ ሞተሩ በድንገት ደርቆ፣ የኋላ ጎማው አልዞር ብሎ፣ ቦይ ውስጥ ጥሏቸዋል። እግራቸው ከጉልበታቸው በታች ተሰብሯል። ገበሬዎች ናቸው ያነሷቸው፤ እህል የጫነ አይሱዙ ወደ አሰላ አመጣቸው።

ኤጂዋ ቤንዚንና ዘይት አብራ የምታቃጥል ዓይነት ናት። ዘይቱ የሚቀመጠው ለብቻው በትንሽ ታንከር ነው። ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኝታ ስላደረች ዘይቱ ፈሶ አልቆ ተገኘ። አባቴ ይህን ሲሰሙ በራሳቸው ላይ ፈረዱ፤ «ዘይት መጨመር ረስቼ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ ሞተር ሳይክል አልነዱም፤ ጡረታ እስኪወጡ ቢሮ ተቀመጡ። ዛሬም ሲራመዱ በግራ እግራቸው ያነክሳሉ። እናቴ ደግሞ የዘይቱን ነገር አልለቀቀችውም። በር ሳይዘጉ ሲወጡ፣ ገበያ ልካቸው ጨው ሳይገዙ ሲመጡ፣ «እንደ ዘይቱ እንዳይሆን!» ትላቸዋለች። ቀልድ ነው። አባቴ ግን ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

እኔስ? በእርግጠኝነት አላውቅም ነበር። ሞተሩን ማንም አልከፈተውም። «ምናልባት እውነት ዘይት ረስተው ይሆናል» እያልኩ ተመረቅኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። ሚስቴ ጣት ላይ ቀለበት ሳጠልቅ እንኳ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ያቺ ሽቦ ትዝ አለችኝ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኤጂዋን ገፍተን ወደ ሳጉሬ መውጫ ካለ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር አይታሰብ፤ የቆርቆሮ ዳስ፣ አንድ የሥራ ጠረጴዛ፣ ደጃፉ ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሦስት ባጃጆች። መካኒኩ የእኔ እኩያ ነው። ረዳቱ 15 ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው፤ ከመካኒኩ ጋር በኦሮምኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከቁልፎቹ ጋር ደግሞ አሰላም እንደ ሌላው አገር በጣልያንኛ ነው የሚግባባው። አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ዱካ ላይ ተቀመጡ። «ቤት ይጠብቁን» ብላቸው እንቢ አሉ።

ካንዴላው ወጣ፤ ማርሚታው ወረደ፤ ቴስታታው ተነሳ። ፒስተኑ ግን እንደ ተጣበቀ ነው። መካኒኩ ከላይ ናፍጣ አፍስሶበት ቡና እንጠጣ አለ። ጠጣን። ከዚያ ሲሊንደሩን ዙሪያውን በእንጨት መዶሻ መታ መታ እያደረገ፣ እየነቀነቀ፣ ሳይቸኩል አወጣው። ወደ ፀሐይ አዙሮ ውስጡን ተመለከተ። ቆየ።

«ይሄ የዘይት አይደለም» አለ።

አባቴ ቀና አሉ።

«ዘይት ያጣ ሞተር ፒስተኑ ሰፋ ብሎ ነው የሚፋቀው፤ ይበልጡን በማርሚታው በኩል። ይሄን ይዩ ጋሼ። አንድ መስመር። ከላይ እስከ ታች እንደ ማረሻ ትልም። ያለውም በስፒኖቶው ጫፍ ትክክል ነው።» ፒስተኑን አዞረው። በስተቀኝ ቀለበቷ ቦታዋ ላይ ናት። በስተግራ ቦዩ ባዶ ነው፤ ከንፈሩም ተበልቷል፤ ስፒኖቶው ወደ ውጪ ብቅ ብሏል። ልጁ ማግኔት በክር አስሮ በሲሊንደሩ የጎን መተላለፊያ ሲያስገባ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሽቦ ይዞ ወጣ።

«ቀለበቷ አልቆመችም» አለ መካኒኩ። «ወጣች፤ ዘንጉ ተከተላት፤ ግድግዳውን አረሰው፤ ቁራጯ ተሰነቀረችና ሞተሩ ደረቀ። ለመጨረሻ ጊዜ የከፈተው ማነው?»

የጠየቀው ለወሬ ነው፤ አያውቅም። ባጃጆቹ መሃል አንዲት ዶሮ ትጭር ነበር፤ ዓይኔን እሷ ላይ ተከልኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ሣሩን፣ ምሽቱን፣ ፒንሳውን። ለመካኒኩ የምነግር አስመስዬ ነው የነገርኩት፤ ወደ አባቴ ዞሬ ለመናገር አቅም አላገኘሁም።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ እጃቸውን ለልጁ ዘረጉ፤ ልጁ የሽቦዋን ቁራጭ መዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጧት።

«እኔ 16 ዓመት ዘይት ስረሳ ኖርኩ» አሉ።

ይቅርታ ጠየቅኩ። ቃሉ ምን እንደነበር አላስታውስም። እሳቸውም «እሺ» አላሉም፣ «አይ» አላሉም። ቁራጯን በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱና ለመካኒኩ «ቀጥል ልጄ፣ ቀኑ እንዳይመሽብህ» አሉት።

መካኒኩ ያን ጊዜ ያደረገውን በዝርዝር እነግራችኋለሁ፤ እኔ በ2001 ያላደረግኩት ነውና። የተረፈችውን ቀለበት ከመንካቱ በፊት የሞተሩን አፍ፣ ቢየላው የሚወጣበትን ክፍተት፣ በንጹሕ ጨርቅ ዙሪያውን ወተፈው። «ዕቃ ከላይ ይወድቃል፤ ከታች ለማውጣት ግን ሞተሩን በሙሉ መፍታት ነው» አለው ለልጁ። ቀጥሎ የፒስተኑን ቀዳዳ ከንፈር አሳየው። በአንድ በኩል ትንሽ ጎድጎድ ያለች ቦታ አለች፤ የመንቀያ ጫፍ የሚገባው በእሷ ነው። ቀጭን መንጠቆ አስገባ። ከመግፋቱ በፊት የግራ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ላይ ደፋበት። ቀለበቷ ስትፈናጠር የሄደችው ወደ ሣር ሳይሆን ወደ አውራ ጣቱ ነው። ልጁ ፊቱን አስግጎ ሲያይ «ዓይንህን!» ብሎ ገፋው።

ከዚያ ያወጣትን ቀለበት በፒንሳ ቆልምሞ፣ ሰብሮ፣ በርሜል ውስጥ ጣላት።

«ለምን ሰበርካት?» አልኩት።

«እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠች የቸኮልኩ ቀን ታምረኛለች» አለኝ።

ሌላውን በፍጥነት ልለፈው። ሁለት ሳምንት ፈጀ። የሲሊንደሩ ትልም ጥልቅ ስለነበር አዳማ ሬቲፊካ ቤት ተወስዶ በግማሽ ሚሊሜትር ሰፋ። የኤጂ 100 ፒስተን ሲሠራ 52 ሚሊሜትር ነው፤ እኔ 52.50 ፍለጋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩ። ከአራተኛው ሱቅ ተገኘ፤ ፋሻው፣ ስፒኖቶውና ሁለት ቀለበቶቹ በላስቲክ ታሽገው። ገንዘቡን ከመክፈሌ በፊት ቀለበቶቹን ቆጠርኩ። ሻጩ ሳቀብኝ። መካኒኩ በበኩሉ የሞተሩን ሆድ ከፍቶ አጥቦ ኩሽኔታዎቹን ቀየረ።

በኅዳር ስመለስ አርሲ ሌላ አገር ሆናለች። ስንዴው በከፊል ታጭዷል፤ ከኢተያ ጀምሮ ኮምባይነሮች አቧራ እያስነሱ ማሳውን ይበላሉ። ኮምባይነር በማይደርስበት ተዳፋት ሰው በማጭድ ተሰልፏል። ሚኒባሱ ውስጥ የገለባ ሽታ ነበር።

ጋራዡ ስደርስ አባቴ ቀድመውኝ ተቀምጠዋል።

«እሱ ይግጠማት» አሉት መካኒኩን በከዘራቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። መካኒኩ እጁን ጠርጎ ራቅ ብሎ ቆመ።

አንደኛዋን ቀለበት ፒስተኑ ገና ጠረጴዛ ላይ እያለ አስገባሁ። እንዲህ ሲደረግ ሞተሩ ላይ ሆኖ የሚገጠመው አንድ ብቻ ይቀራል፤ የሚፈተለክም ቢኖር አንድ ነው። በጣም አልጨመቅኳትም። ከሚገባው በላይ የተጨመቀች ቀለበት ብትገባም ጉልበቷ ሞቷል። አንዱን ጫፍ በቦዩ አስይዤ ሌላውን በአውራ ጣቴ እየገፋሁ ሳስጠጋት «ጥቅ» አለች። መካኒኩ ከኋላዬ ሆኖ «አፏን ወዴት አደረግከው?» አለኝ።

የቀለበቷ አፍ፣ ማለትም ሽቦው የማይገናኝበት ክፍተት፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች መዞር አለበት። ዘነዘናው ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚወረወረው። አፏ ወደ ጎን ከዞረ፣ ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ክብደቷ ራሱ ሁለቱን ጫፎቿን ይነቀንቃል፤ ቀስ በቀስ ትጠብና ከቦዩ ትወጣለች። በዚያችው የመንቀያ ጎድጓዳ ፊት ለፊትም መቆም የለበትም። በ2001 ዓ.ም. ይህን የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። አሁን አፏን ወደ ታች አዞርኩት።

የሞተሩን አፍ በጨርቅ ወተፍኩ። የፒስተኑ አናት ላይ ያለውን ቀስት ወደ ማርሚታው አዞርኩ። ስፒኖቶውን ዘይት ቀብቼ ገፋሁት። ያለ መዶሻ፣ በአውራ ጣት ብቻ ገባ። ሁለተኛዋን ቀለበት ሳነሳ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ይህን ያዩት አባቴ ከዱካው ተነሱ፤ ከዘራቸውን ባጃጁ ላይ አስደግፈው አጠገቤ መጡና ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከፒስተኑ ፊት ለፊት እንደ ግድግዳ አቆሙ።

«ብትዘልም ወደ እኔ ነው የምትመጣው» አሉ።

አልዘለለችም። ጥቅ አለች። በመንጠቆው ጫፍ ዙሪያዋን ተከተልኩ፤ በሁሉም በኩል ቦዩ ውስጥ ናት። ገፋ ሳደርጋት በቦዩ ውስጥ በመጠኑ ትዞራለች፣ አትነሳም። አፏን እንደገና ወደ ታች መለስኩት። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው፣ የስልኬን መብራት አስበርተው፣ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም በተራ አዩ። ከዚያ ልጁን «አንተም እይ» አሉት። ልጁም አየ።

ጨርቁ ወጣ፤ ሲሊንደሩ ለበሰ፤ ቴስታታው ታሰረ። አባቴ ዘይቱን በገዛ እጃቸው ሞሉ። በስድስተኛው ርግጫ ተነሳች። ጋራዡ በሰማያዊ ጭስ ታፈነ፤ የዶሮዋን ግቢ ሳይቀር አጠነው። መካኒኩ «ለመጀመሪያው 500 ኪሎ ሜትር እንዳታስጮኃት፤ እያረፍክ ሂድ» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

የኤጂ መቀመጫ የአንድ ሰው ነው፤ ከኋላው ብረት ነው። ስለዚህ ብቻዬን ወጣሁ። አባቴ ቦታውን ነግረውኛል፤ «ሳጉሬን አልፈህ፣ መንገዱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ፣ ሦስት ትልልቅ ጽዶች አሉ።» ጭላሎን በግራዬ አድርጌ በዝግታ ነዳሁ። ብርዱ ጓንት ያላጠለቀ እጄን ጠዘጠዘው። ገበሬዎች ገብስ ይወቃሉ፤ በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ። ቱታ የለበሱ ሁለት ልጃገረዶች በመንገዱ ጠርዝ እየሮጡ መጡ፤ ሰላም ስላቸው ትንፋሻቸውን ሳያቋርጡ አንገታቸውን ነቅነቅ አደረጉልኝ።

ጽዶቹን ሁለት ብቻ አገኘኋቸው። ሦስተኛው ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል። አቆምኳትና ሞተሩን አጠፋሁ። ቦዩ እኔ ሳስበው ከኖርኩት ጥልቅ ነው። ድንጋይ አለው። ዛሬ ደረቅ ነው፤ በመስከረም ግን ውሃ እንደሚሄድበት ከዳሩ ያስታውቃል። ሰው እዚህ እግሩን ሰብሮ ተኝቶ እንዴት ጮኸ? ማን ሰማው? ገበሬዎቹ ከየትኛው ማሳ መጡ? ይህን አባቴን በ16 ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

ደወልኩላቸው።

«ደረስክ?»

«ደርሻለሁ አባባ። አንደኛው ጽድ ተቆርጧል።»

«አይ! ጥላው ደህና ነበር» አሉ። ትንሽ ቆዩና «እህሉስ?» አሉኝ።

«ገብስ ነው። ግማሹ ታጭዷል።»

«ያን ጊዜ ገና አረንጓዴ ነበር» አሉ። «ስለ ፊቴ እህል እያየሁ ነው ሰው እስኪመጣ የጠበቅኩት። ከወገቤ በላይ ደርሶ ነበር።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለእናትህ አንተ ነህ የምትነግራት። እኔ ብነግራት አታምነኝም» አሉኝ።

ሁለት ጊዜ አርፌ፣ ሞተሩን አቀዝቅዤ፣ አሰላ ስገባ ፀሐይ ወደ ዝዋይ በኩል ልትጠልቅ ነው። ግቢው በር ላይ ስደርስ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ የከፈተችልኝ እናቴ ናት። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ኤጂዋን ከፊት እስከ ኋላ አየቻት። አባቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ከሰሉ ተያይዟል፤ ጀበናው ተጥዷል።

«ደህና ሄደች?» አለችኝ።

«ደህና።»

«ዘይቱስ?» አለች ወደ በረንዳው እየዞረች።

አባቴ ምንም አልመለሱም፤ እኔን ብቻ ተመለከቱ።

«እማዬ» አልኳት፤ «ስለ ዘይቱ የምነግርሽ ነገር አለ።»

ፊቴን አየችው። ከዚያ አጭሯን በርጩማ ሳብ አድርጋ ከጀበናው አጠገብ አስቀመጠችልኝ።